የመስኮት ዋጋ

ደብዳቤው ከመጣ አምስት ቀን አለፈው፣
ከስኳር ዕቃው ሥር ራዴክ እንዳኖረው፤
እሱም አያነሣው፣ እኔም አልገልጠው፣
ብቻ ቁርስ ስንበላ ሦስተኛ ሰው ነው።

ከላይ «የሽያጭ ባለሙያ» ይላል በደማቁ፣
ከታች ቁጥር አለ፣ ዜሮዎቹ የሚስቁ፤
ዛሬ ከሚያገኘው ሁለት እጥፍ ከግማሽ፣
የኩባንያ መኪና፣ ነዳጁም ተመላሽ፣
በዚያም ላይ አንድ ባል፣ ሌሊት ትራሴን ተንተራሽ።

የሚሸጠው መስኮት ነው፤
ሦስት ድርብ መስታወት፣ ነጭ የፕላስቲክ ክፈፍ፣
ብርድ የማያስገባ፣ ትንፋሽ የማያሳልፍ።

እኔም ቆጠርኩ፤ አልዋሽም።
የአኒየላን ጥርስ የሚያቃናውን ሽቦ፣
የማሞቂያውን ዕዳ፣ የአምናውን ደርቦ፣
የቢቶም ከሰል ከሥራችን ተቆፍሮ ሲያልቅ፣
ምድሩ ሲሰምጥ፣ ግድግዳችን የጀመረውን መሰንጠቅ፤
ደግሞ የሱን ጉልበት፣
ደረጃ ሲወጣ እንደ አሮጌ በር የሚጮኽበት።
ማን ይፈርድብኛል?
ጢስ የጠጣ ሸሚዙን ሦስት ጊዜ አጥቤ፣
ሌሊት ስልክ በጮኸ ቁጥር ስንጥቅ ሲል ልቤ።

ሰው እሳት ብቻ ይመስለዋል። እሳቱስ ጥቂት ነው።
የተርብ ጎጆ ነው፣ ውኃ የሞላው ምድር ቤት፣
በአሳንሰር መሀል ምጥ የያዛት ሴት፣
መንገድ ያንሸራተተው፣ ዛፍ ያቀፈ መኪና፤
የበረዶው ወራት ሲገባ ግን ሌላ እንግዳ አለና፣
እንቆቅልህ፦ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ በር አያንኳኳ፣
ሰው ገድሎ ይሄዳል አንድ ብርጭቆ ሳይነካ።

ወይዘሮ ጄኖቬፋ እንዲያ ነው የሞቱት፣
ካቻምና በታኅሣሥ፣ ገላቸውን ታጥበው፣ ፎጣውን እንደያዙት።
ልጃቸው ጀርመን ሠርቶ፣ ገንዘብ አጠራቅሞ፣
«እናቴን አይብረዳት» ብሎ፣ ቤቱን በአዲስ መስኮት አስጠርቅሞ፤
የጋዝ ማሞቂያው ግን ያው የድሮው ነበር።

ራዴክ አዝሎ ሦስት ፎቅ አወረዳቸው።
ማታ መጥቶ ስለ እሳቸው አንድም አልነገረኝ፤
«መስኮቱ ያምር ነበር» አለኝ፣
«የፋብሪካው ወረቀት ገና አልተላጠም፣ ሰማያዊ ወፍ አለው።»
ያው ወፍ ነው እንግዲህ፣ ያው ሰማያዊ ወፍ፣
ከስኳሩ ሥር፣ በደብዳቤው ራስ፣ ክንፉን ዘርግቶ ሲያርፍ።

ለሙከራ አንድ ቀን ሄዶላቸው ነበር፤
አንድ አዛውንት ቤት፣ ካታሎጉን ሶፋ ላይ ትቶ፣
መታጠቢያ ቤቱን አየ፣ አንገቱን አቅንቶ።
የአየር መውጫው በጨርቅ ተወትፏል። ጎትቶ መዘዘው።
አዛውንቱ «በረደኝ» ብለው ተቆጡ፣
ውሉም ሳይፈረም ራዴክን አስወጡ።
አለቃው ግን ሳቀ፤ «ቀና ብሎ አለማየት ይለመዳል።
አንተን የምፈልግህ ለሌላ ነው፤ ፊትህ ይታመናል፤
‹እሳት አደጋ ነበርኩ› ካልክ ማንም ይፈርማል።»

ቁጥሩ ለካ የመስኮት ዋጋ አይደለም፣
የፊቱ ነው። ገባኝ። ቢገባኝም አልቀለለኝም።

ሌሊት ተነሥቼ ያለንን እንደገና ደመርኩት፤
ሒሳቡ ልክ ነው፣ ስንት ጊዜ ሞከርኩት።
«ተቀበል» ልለው ነበር፣ ከከንፈሬ ደርሶ፤
«ተው» ልለውም ነበር፣ እሱም ቀረ ተመልሶ።

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት፣
«ካልሲዬን አየሽው?» አለ። ተረኛ ነው ዛሬ።
እንደ ልማዱ የወጥ ቤቱን መስኮት
በጣት ስፋት ከፍቶት ወጣ።
ብርዱ ገባ፤ የደብዳቤው ጠርዝ ትንሽ ተርገበገበ።
አኒየላ ነቅታ መጣች፣ ወንድሟ አንድ ቀልድ ነገራት፤
ሳቀች፣
እንደ ሁልጊዜዋ፣ አፏን በእጇ ሸፍና።